15,841 ሰዎች ከግራፉ የጎደሉበት ሳምንት፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ይመዝገብ?

ፓይተን ወይም አር በሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ግራፍ መሥራት የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቀለሙ፣ ስለ መስመሩና ስለ ሞዴሉ ነው። ቁጥሩ ከየት ተነስቶ፣ በስንት እጅ አልፎ እሱ ዘንድ እንደደረሰ ብዙም አይጠይቅም። እኔ ደግሞ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የኤክሴል ፋይል ስለሞላ 15,841 ኮሮና የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ከቀሩበት ጉዳይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጉዳዩ በይፋ የታወቀ ነው፣ ቁጥሮቹም ታትመዋል። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደገና ሊሠራው ይችላል። የሰው ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የአንድ ሰው አልነበረም።

ዳራ

ጊዜው የሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 15 እስከ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በእነሱ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020። ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል እየተነሳ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ የጤና ሚኒስቴርን የዕለት መግለጫ እንጠብቅ እንደነበረው ሁሉ፣ እዚያም ሕዝቡ በየቀኑ ስንት ሰው ቫይረሱ ተገኘበት የሚለውን ይጠብቅ ነበር።

የመረጃው መንገድ ሲታይ ቀላል ነው። ናሙና የሚመረምሩት ላቦራቶሪዎች ውጤታቸውን በሲኤስቪ ፋይል ይልካሉ። ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የረድፍ ገደብ የለውም። ፋይሉን የሚቀበለው ፐብሊክ ሄልዝ ኢንግላንድ የተባለው የመንግሥት የጤና ተቋም ነበር። እዚያ አንድ ራሱን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ሲኤስቪውን ወደ ኤክሴል ቅጽ ይገለብጠዋል። ከቅጹ ወደ ማዕከላዊው የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ይገባል። ከቋቱ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ለሕዝብ የሚታየው የዕለቱ ቁጥርና ግራፍ ነው። ሁለተኛው ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ለሚለዩት ሠራተኞች የሚላከው ዝርዝር ነው።

ይህ ሁለተኛው መውጫ ነገሩን ከባድ ያደርገዋል። ከዚያ ዝርዝር ላይ የጎደለ ሰው ከግራፍ ላይ ብቻ አይደለም የጎደለው። "ከማን ጋር ነበርክ?" ብሎ የሚደውልለት ሰውም አያገኝም። አብረውት የዋሉት ሰዎችም ራሳቸውን እንዲለዩ አይነገራቸውም።

ችግሩ

ቅጹ የተሠራው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር፣ ኤክስኤልኤስ በሚባለው። ይህ ዓይነት በአንድ ገጽ ላይ የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው። ከ2007 ወዲህ የመጣው ኤክስኤልኤስኤክስ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። 65,536 ረድፍ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የምርመራ ውጤት ብዙ ረድፍ ይወስድ ነበር። ስለዚህ በወቅቱ እንደተዘገበው አንድ ቅጽ በተግባር የሚችለው 1,400 ያህል ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ የመጣው ዝም ብሎ ይቀራል።

"ዝም ብሎ" የሚለው ላይ ማተኮር ያስፈልጋል። ሰው በእጁ ትልቅ ፋይል በኤክሴል ሲከፍት፣ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ አልተጫነም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣለታል። ሥራውን ፕሮግራም ሲሠራው ግን ያንን መልእክት የሚያነብ ዓይን የለም። ፕሮግራሙ ጨረስኩ ይላል፤ ቁጥሩ ይወጣል፤ ግራፉም ይሳላል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ የተቀመጠው በዕለቱ ለሕዝብ የተነገረው ነው። ቀጥሎ ያለው በኋላ የተገኘው ጉድለት ነው። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሲደመሩ የሚሰጡት አለ።

ሴፕቴምበር 25፦ 6,874 ተነገረ፤ 957 ጎደለ፤ በድምሩ 7,831
ሴፕቴምበር 26፦ 6,042 ተነገረ፤ 744 ጎደለ፤ በድምሩ 6,786
ሴፕቴምበር 27፦ 5,693 ተነገረ፤ 757 ጎደለ፤ በድምሩ 6,450
ሴፕቴምበር 28፦ 4,044 ተነገረ፤ የጎደለ የለም
ሴፕቴምበር 29፦ 7,143 ተነገረ፤ 1,415 ጎደለ፤ በድምሩ 8,558
ሴፕቴምበር 30፦ 7,108 ተነገረ፤ 3,049 ጎደለ፤ በድምሩ 10,157
ኦክቶበር 1፦ 6,914 ተነገረ፤ 4,133 ጎደለ፤ በድምሩ 11,047
ኦክቶበር 2፦ 6,968 ተነገረ፤ 4,786 ጎደለ፤ በድምሩ 11,754

ጉድለቱ በጠቅላላ 15,841 ሰው ነው። በእነዚያ 8 ቀናት መነገር ከነበረበት 66,627 ውስጥ ወደ 24 ከመቶ ይደርሳል።

ግራፉ ምን ይል ነበር?

ስምንቱን ቀናት ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የሠንጠረዥ መሣሪያ ሠንጠረዥ አድርጌ፣ ማትፕሎትሊብ በሚባለው የግራፍ መሣሪያ ሁለት መስመር ስዬ አየኋቸው። ማንኛውም አንባቢ ይህን እንዲሞክር እመክራለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያሳየው ግን ብዙ ነው።

የመጨረሻዎቹን 4 ቀናት ብቻ እንይ። የተነገረው መስመር 7,143፣ 7,108፣ 6,914፣ 6,968 ነው። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ይመስላል። እንዲያውም በትንሹ ወርዷል፣ በ2.4 ከመቶ። ይህን ያየ ሰው "በሽታው ረግቷል" ቢል አይፈረድበትም። እውነተኛው መስመር ግን በእነዚያው ቀናት ከ8,558 ተነስቶ 11,754 ደርሷል። የ37 ከመቶ ጭማሪ ነው።

የመቶኛ ዕድገቱ ቀጥታ መስመር ሆኖ እንዲታይ ቁጥሮቹን ወደ ሎጋሪዝም ቀይረን ቀጥታ መስመር ብንገጥም ልዩነቱ ይብሳል። የተነገሩት 4 ነጥቦች በቀን ወደ 1 ከመቶ ገደማ መቀነስን ይሰጣሉ። የተስተካከሉት ደግሞ ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ እጥፍ የሚሆን ቁጥር ይሰጣሉ። እርግጥ ከ4 ነጥብ ተነስቶ ትንበያ መስጠት ተገቢ አይደለም። በሳምንቱ መጨረሻ የሚመዘገበው ቁጥር ስለሚቀንስ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ለብቻው ሲታይ ያሳስታል። እኔ ያሰላሁት አቅጣጫውን ለማሳየት ያህል ነው። በትክክል የተሠራ ስሌት፣ በጎደለ መረጃ ላይ፣ ተቃራኒ መልስ ሰጠ። ቀመሩ ላይ ምንም ስህተት የለም።

ሌላም ነገር አለ። የጉድለቱ መጠን በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን 12 ከመቶ ነበር፣ በመጨረሻው ወደ 41 ከመቶ ደረሰ። በሽታው በጨመረ ቁጥር ፋይሉ ይሞላል። ፋይሉ በሞላ ቁጥር የሚቀረው ይበዛል። ይህ ከሁሉም የከፋው የጉድለት ዓይነት ነው። ጉድለቱ ሁልጊዜ 10 ከመቶ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ያንስ ነበር እንጂ አቅጣጫው አይጠፋም ነበር። እዚህ ግን መረጃው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም አለ።

ታዲያ መስመሩ ጠፍጣፋ መሆኑ ብቻ ሊያስነቃ ይችል ነበር ወይ? በሐቀኝነት ስመልስ፣ ብቻውን አይበቃም። ወደ 7,000 የሚጠጋ የሰው ቆጠራ በአጋጣሚ ብቻ የሚዋዥቀው የስኩዌር ሩቱን ያህል ነው፣ 84 ገደማ። በ4ቱ ቀናት ውስጥ በትልቁና በትንሹ መካከል የነበረው ልዩነት 229 ነው። ይህ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው ብዙም አይርቅም። ጥርጣሬ ሊያጭር የሚገባው ሌላ ነገር ነው። እውነተኛ የበሽታ መረጃ ከዚህ በላይ ይዋዥቃል። የሥራ ቀን፣ የላቦራቶሪ መዘግየት፣ የአካባቢ ወረርሽኝ ሁሉም ያነቃንቀዋል። እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ሲመጣ "የሆነ ቦታ ጣሪያ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማስረጃው የሚገኘው ግን ፋይሉ ውስጥ ነው። ረድፎቹን ሲቆጥሩት ልክ 65,536 ላይ የሚያበቃ ፋይል ካገኙ ጉዳዩ አለቀ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ችግሩ የታወቀው ኦክቶበር 2፣ ዓርብ ሌሊት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ትክክለኛ ነበር። የጎደሉት ሰዎች ዝርዝር ወዲያው ንክኪ ለሚለዩት ሠራተኞች ተላለፈ። ግራፉን ከማስተካከል በፊት ሰው መቅደሙ ሊመሰገን ይገባል።

ሁለተኛው እርምጃ ትልልቆቹን ፋይሎች መከፋፈል ነበር። ቅጹን ሳይለውጡ ትንንሽ ፋይል እየሰጡ ጣሪያው እንዳይነካ አደረጉ። ይህ ለጊዜው የሚሆን ጥገና ነው፤ ለዚያች ሌሊት ግን ይበቃል።

ሦስተኛው የተዘለሉትን በሕዝባዊው ቁጥር ላይ መጨመር ነበር። ቅዳሜ 12,872፣ እሑድ 22,961 ተነገረ። ሰኞ ዕለት የጤና ሚኒስትሩ ጉዳዩን ለፓርላማ አስረዱ። የጎደለው በየትኛው ቀን ስንት እንደነበረም በዝርዝር ወጣ። ከላይ ያስቀመጥኩት ሠንጠረዥ ሊሠራ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሠራውና ያልሠራው

አንድ የሚያጽናና ነገር ነበር። የተመረመሩት ሰዎች ሁሉ ውጤታቸው በጊዜው ደርሷቸዋል። ቫይረሱ እንዳለባቸው አውቀው ራሳቸውን እንዲለዩ ተነግሯቸዋል። የጎደለው ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ሰንሰለት ነው። እሱ ግን በአንድ ሌሊት የሚጠገን አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ላይ ከ15,841ዱ ውስጥ ንክኪያቸውን እንዲናገሩ የተገኙት 51 ከመቶ ነበሩ። ሴፕቴምበር 25 ላይ መተላለፍ የነበረበት ሰው ስሙ የተላለፈው ከ8 ቀን በኋላ ነው። በ8 ቀን ውስጥ አብሮት ምሳ የበላ ሰው ለሌላ አስተላልፎ፣ ያም ለሌላ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል።

የግራፉ ጥገናም ችግር ነበረበት። የእሑዱ 22,961 በዕለታዊው ግራፍ ላይ እንደ ትልቅ ጦር ብቅ አለ። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው በሽታው በአንድ ቀን የፈነዳ ይመስለዋል። የሁለቱን ቀን ድምር ወስደን 15,841ዱን በሙሉ ብንቀንስ የሚቀረው 19,992 ነው፣ በቀን ወደ 10,000። ከዓርቡ እውነተኛ ቁጥር አይበልጥም።

እዚህ ጋ የቀን ምርጫ ጉዳይ ይመጣል። ቁጥሩ የተነገረበት ቀን አለ፤ ናሙናው የተወሰደበት ቀንም አለ። በናሙና ቀን ሲሳል የእሑዱ ጦር ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ ቀን ይመለሳል። ነገር ግን በናሙና ቀን የተሳለ ግራፍ የራሱ ጣጣ አለው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ውጤት ገና ስላልተሟላ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ይወርዳል። የማያውቅ ሰው "ቀነሰ" ይላል። ስለዚህ እነዚያን ቀናት በግራጫ ጥላ መሸፈንና "አልተሟላም" ብሎ መጻፍ ግድ ነው። የ7 ቀን አማካይም እዚህ አያድንም። ጦሩን ያለሰልሰዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ያለፈው ሳምንት ጉድለት ላይ የዚህን ሳምንት ትርፍ ይቀባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ አሮጌው አሠራር እንዲቀየር ቀድሞ መወሰኑ ነው። ሚኒስትሩ ለፓርላማ እንደተናገሩት ውሳኔው የተሰጠው በዚያው ዓመት በጁላይ ነበር። መተኪያው እየተሠራ ሳለ አሮጌው በዝምታ ሞላ። መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም። "ሊቀየር ነው" የተባለን ነገር ማንም አይፈትሸውም።

ስህተቱ ያስተማረው ስታትስቲክስ

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለመረጃ ተንታኝ ልዩ ትምህርት አለው። ንክኪ መለየት በእርግጥ በሽታ ይቀንሳል ወይ የሚለውን በሙከራ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ለግማሹ ሰው ደውሎ ለግማሹ መተው ከሥነ ምግባር ውጭ ነው። ይህ የፋይል ችግር ግን ሳያስበው ያንን ሙከራ ሠራው። የትኛው ሰው ከዝርዝሩ እንደሚቀር የወሰነው የፋይሉ መሙላት ነው እንጂ የአካባቢው ሀብት ወይም የነዋሪው ጠባይ አልነበረም። በአጋጣሚ አንዳንድ አካባቢዎች ብዙ ሰው ጎደለባቸው፣ ሌሎች ጥቂት።

ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ይህን አስተውለው አካባቢዎቹን አነጻጸሩ። ቀድሞ ተመሳሳይ የነበሩ፣ ነገር ግን የጉድለቱ ድርሻ የተለያየባቸው አካባቢዎች ከዚያ በኋላ እንዴት ተለያዩ ብለው ጠየቁ። በ2021 በታተመው ውጤታቸው መሠረት፣ በጊዜው ንክኪያቸው ከተለየላቸው ሰዎች ጋር የተያያዘው ቀጣይ ኢንፌክሽን ከተዘለሉት ጋር ሲነጻጸር በ63 ከመቶ ያነሰ ነበር። ሞቱ ደግሞ በ66 ከመቶ፣ ሁለቱም በተከታዮቹ 6 ሳምንታት። መጀመሪያ ባወጡት ረቂቅ ላይ ጉድለቱ ከ125,000 በላይ ተጨማሪ ኢንፌክሽንና ከ1,500 በላይ ሞት ጋር እንደሚያያዝ ገምተው ነበር። ግምት ነው፣ እንደ ግምት መያዝ አለበት። ግን ግራፍ የሚሠራ ሰው እጁ ላይ ያለው ረድፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማሰብ ይህ ይበቃዋል።

ወደ እኛ ሥራ ሲመጣ

መጋዘን የሠራ ሰው ይህን ትምህርት ቀድሞ ያውቀዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የመረከቢያ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባለው የወጪ ደረሰኝ ይቆረጣል። ተቆጥሮ ያልተረከበ ዕቃ የለም። መረጃም እንዲሁ መያዝ አለበት። ፓይተን ላይ ፋይል ሲነበብ ስንት ረድፍ እንደገባ ይጻፍ። ሲጣራ፣ ሲጣመር፣ ሲቀመጥ እንደገና ይቆጠር። የገባውና የወጣው ካልገጠመ ፕሮግራሙ በስህተት ይቁም፤ ግራፍ አይሳል። አንድ መስመር የማረጋገጫ ትእዛዝ ነው የሚፈልገው። እንግሊዝ ውስጥ ያ መስመር ቢኖር ጉድለቱ በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር።

ለአማርኛ ተጠቃሚ አንዳንድ ስህተቶች በግልጽ ይታያሉ። አማርኛ ያለበት ሲኤስቪ በኤክሴል ሲከፈት ፊደሉ ተበላሽቶ ይመጣል፤ ማንም ያየዋል፣ ያስተካክለዋል። የሚያሰጋኝ የማይታየው ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ኤክሴል ውስጥ ሲገባ ዜሮው ይጠፋል። የመታወቂያ ቁጥርም በዜሮ ከጀመረ እንደዚያው። ሁለት ሠንጠረዥ በስልክ ቁጥር ሲጣመር፣ ዜሮው ያለውና የሌለው አይገናኙም፤ ሰዎች ይጎድላሉ። መድኃኒቱ ሲነበብ ጀምሮ ዓምዱን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ከሁሉም የባሰው የቀን ጉዳይ ነው። የጤና ጣቢያ ወይም የቀበሌ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። 30/2/2016 ማለት ጥቅምት 30 ነው። ፓንዳስ ግን ቀን/ወር/ዓመት ብሎ እንዲያነብ ሲታዘዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ይሆንበታል፤ እንደዚያ ያለ ቀን የለም። ብዙ ሰው ስህተቱ እንዳያስቸግረው "ያልገባህን ባዶ አድርገው" የሚለውን አማራጭ ይጠቀማል። ያኔ ጥቅምት 30 ባዶ ይሆናል። ወር 13 ስለሌለ ጳጉሜም ሙሉ በሙሉ ባዶ ይሆናል። ቀጥሎ ባዶ ረድፎች ይጣላሉ። ሌሎቹ ቀናትም ቢሆኑ በተሳሳተ ወር ላይ ተቀምጠዋል፣ ግን ትክክል ይመስላሉ። ግራፉ ያምራል። ስለዚህ ቀኑ መጀመሪያ በጽሑፍ ይነበብ፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ይለያይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀመር ይቀየር፣ ከዚያ በኋላ ስንት ረድፍ ባዶ ሆነ ተብሎ ይቆጠር። በወር ሲሳል ደግሞ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ከሌሎቹ ጋር በቀን አማካይ ትነጻጸር፤ አለዚያ በየዓመቱ መጨረሻ ሥራው የወደቀ ይመስላል።

የፋይል ዓይነትን በተመለከተ፣ ከአሮጌ ሥርዓት የሚወጣ ኤክስኤልኤስ አሁንም ያጋጥማል። የረድፉ ብዛት 65,536 ከሆነ፣ ወይም ከርዕሱ ረድፍ ውጭ 65,535 ከሆነ፣ ትንተናውን አቁሞ ፋይሉን ወደ ላከው ክፍል መደወል ነው። በራሱ በፓንዳስ ወደ ኤክሴል ሲጻፍ ገደቡ ካለፈ ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ስህተቱን ለማለፍ ብሎ ረድፍ መቁረጥ ግን አይገባም። ለማስተላለፊያ ሲኤስቪ ወይም ቋት መጠቀም፣ ኤክሴልን ደግሞ መጨረሻ ላይ ለሚያነበው ሰው ማስቀረት ይሻላል።

በግራፉ ግርጌም ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑ የምን ቀን እንደሆነ፣ እና ግራፉ ከስንት ረድፍ እንደተሠራ። አለቃ ወይም ጋዜጠኛ ያንን ቁጥር ካለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት ይችላል፤ ፓይተን ማወቅ አያስፈልገውም።